በአርኖልድ ስሊት ስም

ግሪምስቢ፣ ማርች 4 ቀን 1957

ዛሬ ጠዋት የገባ፦ ስድስት መርከብ። ኮድ የሚባለው ዓሣ አራት መቶ አሥር ሣጥን፣ ሃዶክ የሚባለው ሁለት መቶ ሰባ። የሁለቱ መርከቦች በረዶ መንገድ ላይ አልቆ ዓሣቸው ለስልሷል፤ አልገዛሁም።

ለተወደድከው የአክስቴ ልጅ ለሬጅ፣

ሰላምታዬ ዛሬ ከወረደው ዓሣ ይብዛልህ። ጤናህን እሱ ይጠብቅልህ። ደብዳቤዬ እንደ ቀን መዝገብ ስለሚጀምር አትቀየመኝ፤ ከሃያ ዓመት የዓሣ ንግድ በኋላ እጄ ሌላ አጀማመር አያውቅም። እናቴ ሰማንያ አንድ ዓመቷን ያዘች። ጉልበቷ እንጂ ምላሷ አልደከመም።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ባለፈው ዓርብ ቤሪል፣ ዓሣ የምትሰነጥቅልኝ ሴት፣ ለመጠቅለያ ከተከመረው የለንደን ጋዜጣ አንዱን አንስታ፣ «ሂልዳ፣ ወንድምሽ ጋዜጣ ላይ ወጥቷል» አለችኝ።

«ወንድሜ ከሞተ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ቢላሽን ያዢ» አልኳት።

«ታዲያ ይሄ ማነው? አርኖልድ ስሊት ይላል። ለሞተ ሰው ደግሞ መልኩ ደህና ነው።»

ተቀብያት አየሁ። ስሙ የወንድሜ ነው፤ ጢም ከተለጠፈበት በስተቀር ፊቱ ያንተ ነው። ዘንድሮ በለንደን መድረክ ከታዩት ሁሉ ተመልካቹን ትንፋሽ የሚያስይዝ እንደ አርኖልድ ስሊት ያለ የለም ይላል ጋዜጣው።

አሥር ዓመት ሙሉ ከየከተማው ፖስትካርድ ላክህልን። «ሥራ አለ፣ ደህና ነኝ» ትል ነበር። በማን ስም እንደምትሠራ ግን አንድም ቀን አልጻፍክም። አርኖልድ በጃንዋሪ 1935 ካይስተር ሌዲ በምትባለው የዓሣ መርከብ ላይ ሆኖ አይስላንድ አጠገብ ከአሥራ አምስት ሰው ጋር ጠፋ። መቃብር የለውም። የቀረን ስሙ ብቻ ነበር፤ እሱንም አንተ ወስደኸዋል። ማን ፈቀደልህ?

ለእናቴ አልነገርኳትም። መልስህን በገበያው አድራሻ ላክልኝ፤ ቤት እንዳይመጣ።

ሂልዳ ስሊት


ለንደን፣ ማርች 29 ቀን 1957

ለእትዬ ሂልዳ፣

ሰላምና ጤና ካንቺ አይለይ፤ የአክስቴንም ዕድሜ ያርዝምልን። ደብዳቤሽ ሦስት ሳምንት ሙሉ በኮቴ ኪስ ውስጥ ኖረ። ሥራ በዛብኝ ብልሽ ትስቂብኛለሽ። ፈርቼ ነው።

የተዋናዮች ማኅበራችን አንድ ደንብ አለው፤ ሁለት ሰው በአንድ ስም አይመዘገብም። ከጦርነቱ ተመልሼ በ1947 ልመዘገብ ስሄድ ጸሐፊዋ መዝገቡን ገለጠችና፣ «ሬጅናልድ ኮትስ የሚባል አለን። ብላክፑል ውስጥ ከውሻ ጋር የሚሠራ ቀልደኛ ነው» አለችኝ።

«እንግዲያው ውሻው ስሙን ይለውጥ» ብላት አልሳቀችም።

«ሌላ ስም አለህ? ወይስ ነገ ትመለሳለህ?»

ከኋላዬ አሥራ ሁለት ሰው ተሰልፏል። የተገኘልኝም ሥራ የዚያኑ ዕለት ማታ ይጀምር ነበር። አፌን ስከፍት አርኖልድ ስሊት አልኩ። ሳላስበው አመለጠኝ ብልሽ ውሸት ይሆናል። የመጀመሪያውን ቴአትር ያሳየኝ አርኖልድ ነው። ከላይኛው ሰገነት ሆኖ ሳቁ ከመብዛቱ የተነሣ መድረክ ላይ ያለው ሰውዬ እሱ እስኪጨርስ ቆሞ ጠበቀው። ያን ቀን ነው ይህን ሥራ የመረጥኩት። ስሙን የሚጠራው ሰው እንዲኖር ፈለግሁ። ለእናንተ መናገር ግን አቃተኝ። ዓመቱ እየገፋ ሲሄድ ይበልጥ አቃተኝ።

ስሙን በከንቱ አላዋልኩትም። ሰባት ዓመት በየአውራጃው ቴአትር ቤት በሳምንት አንድ አዲስ ጨዋታ ሠርቻለሁ፤ ማታ አንዱን እየተጫወትኩ ቀን የሚቀጥለውን አጠናለሁ። ሠላሳ አንድ ጊዜ አሳላፊ፣ አራት ጊዜ ሬሳ ሆኛለሁ። አሁን ግን በልጁ ላይ የሞት ፍርድ የሚፈርድ ሽማግሌ ዳኛ ሰጡኝ፤ ያነበብሽው ስለሱ ነው። ያን አይቶ አንድ የፊልም ኩባንያ ትልቅ ቦታ ሰጥቶኛል። ፖስተሩ ሜይ 15 ይታተማል። አሁን ስሜን ብለውጥ የሚያውቀኝ ሰው አይኖርም፤ ዕድሜዬ ደግሞ አርባ ነው። ቢሆንም አንቺና አክስቴ «ተው» ካላችሁ እተዋለሁ። ከዚያ ቀን በፊት አንድ ቃል ብቻ ጻፊልኝ።

አክባሪሽ ሬጅ


ግሪምስቢ፣ ኤፕሪል 6 ቀን 1957

ዛሬ ጠዋት የገባ፦ ሁለት መርከብ ብቻ። ሃዶክ ዘጠና ሣጥን። ነፋስ።

ለሬጅ፣

እንደምን ከረምክ። እኛ ደህና ነን፤ ቤታችን ውስጥ ግን ሰላም የለም። ጎረቤታችን ወይዘሮ ዳውቲ ያንኑ ጋዜጣ ይዛ መጥታ ለእናቴ ጮክ ብላ አነበበችላት። ከገበያ ስመለስ እናቴ ባርኔጣዋን አድርጋ ወንበር ላይ ተቀምጣ አገኘኋት።

«ታውቂ ነበር?» አለችኝ።

«ከወር በፊት ነው ያወቅሁት።»

«ወር ሙሉ! ዓሣ እንኳ ወር አይደበቅም፣ ይሸታል።»

ደብዳቤህን አነበብኩላት። ስለ ውሻው ስትሰማ ሳቀች፤ ከዚያ ወዲያው በሳቋ ተናደደች።

«ስሙን ይያዝ ወይስ ይተው?» አልኳት።

«ካፖርት ያዋሰ ሰው መጀመሪያ የለበሰውን ሰው ያያል። ውሰጂኝ።»

«በዚህ ጉልበትሽ ለንደን?»

«በጉልበቴ አልሄድም። በባቡር ነው የምሄደው።»

እንግዲህ እንመጣለን። እስከዚያ እሺም እምቢም አላልንም። አንድ ነገር ግን ልብ ብያለሁ። አራት ገጽ ጽፈህ ፊልሙ ስለ ምን እንደሆነ አንድ መስመር የለበትም። ሻጭ ስለ ዓሣው ሁሉን ነግሮኝ የተያዘበትን ቀን ከዘለለ ሣጥኑን ከሥር ነው የማየው።

ሂልዳ


ለንደን፣ ኤፕሪል 11 ቀን 1957

ለእትዬ ሂልዳ፣

ሰላም ላንቺ፣ ሰላም ለአክስቴ። የኤፕሪል 20 ማታ ሁለት መቀመጫ፣ አራተኛው ረድፍ ዳር ላይ ይዤላችኋለሁ፤ ትኬቱ አብሮ አለ። በሁለተኛው ክፍል እንደምሞት ለአክስቴ አስቀድመሽ ንገሪልኝ፤ እንዳይደነግጡ። የፊልሙን ነገር ፊት ለፊት እነግራችኋለሁ።

ሬጅ


ግሪምስቢ፣ ኤፕሪል 23 ቀን 1957

ዛሬ ጠዋት የገባ፦ ከበዓሉ በኋላ አሥራ አንድ መርከብ። ኮድ ሰባት መቶ ሣጥን። በጥድፊያ ሳልመዝን የተቀበልኩት ሣጥን አለ፤ እንዲህ ያለ ነገር ከኔ አይጠበቅም። ልቤ እዚያው ለንደን ቀርቷል።

ለተወደድከው ለሬጅ፣

በደህና ገብተናል፤ ያደረሰን አምላክ አንተንም ይጠብቅህ። ያን ማታ አንተ ከነበርክበት ቦታ ሆነህ ያላየኸውን ልጻፍልህ።

ቀድመን ስለደረስን እናቴ በኋላ በር እንግባ አለች። በረኛው ሽማግሌ፣ «ማንን ፈልጋችሁ ነው?» አለን።

«አርኖልድ ስሊትን» አለች እናቴ።

«ምኑ ነዎት?»

«እናቱ ነኝ።»

አላረምኳትም። ውሸት አይደለማ። ሽማግሌው «እንኳን ደህና መጡ እማማ» ብሎ ወንበር ሰጣት። በዚያው ቅጽበት ወረቀት የያዘች ሴት በኮሪደሩ አልፋ አንድ በር አንኳኳች። «ሚስተር ስሊት! አምስት ደቂቃ ቀርቷል!» አለች። ከውስጥ «አመሰግናለሁ! መጣሁ!» የሚል ድምፅ መለሰ።

እናቴ ክንዴን ጨበጠች፤ ዛሬም ጠቁሯል። ያ ስም ተጠርቶ መልስ ሲያገኝ ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ መጀመሪያው ነው። ልንጠራህ አልደፈርንም። ተነሥተን በፊት ለፊቱ በር ገባን።

እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ሰው ሲያጋንን አልወድም። ስለዚህ ያየሁትን ብቻ እጽፋለሁ። ወደ መድረኩ ስትወጣ አላወቅሁህም። ፊትህን አልለወጥክም፣ ድምፅህም ያው ነው፤ ግን እዚያ የነበረው የአክስቴ ልጅ አልነበረም። ፍርዱን ከመናገርህ በፊት ዝም አልክ። ስምንት መቶ ሰው አብሮህ ዝም አለ፤ የሚያስል እንኳ ጠፋ። የገበያው ደወል ሲደወል ሁለት መቶ ሰው ዝም ማሰኘት እንደሚቻል አውቃለሁ፤ አንተ ግን ያለ ደወል፣ ጣትህን ሳታነሣ ነው። ከዚያ ወንበሩ ላይ እንዳለህ እጅህን ፈታህ፤ ሌላ ምንም አላደረግህም። እኔ ሕይወት ያለው ነገር ሲሞት እያየሁ አድጌያለሁ። እጅህ እውነተኛውን መንገድ ሄደ። ከየት ተማርከው? ይህን የሚያደርግ ሰው ከእኛ ቤት መውጣቱን እስካሁን ማመን አቅቶኛል።

እናቴ ከመቀመጫዋ ግማሽ ተነሣች። ጎትቼ አስቀመጥኳት። ሲያልቅ መጋረጃው ተከፈተ፤ ከሌሎቹ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘህ ወጥተህ እጅ ነሣህ።

«ተነሣ» አለችኝ።

«ሥራው እኮ ነው፣ እማዬ።»

«አንቺ ዝም በይ። ሞቶ ነበር፤ ተነሣ።»

ከዚያ ወደ ክፍልህ ገብተን ፊልሙን ነገርከን። የዓሣ መርከብ ምክትል ካፒቴን ሆነህ፣ መርከቧ ከሰሜን ባሕር ሳትመለስ ቀርታ፣ አብረህ ትሰምጣለህ። እናቴ «እናስብበታለን» ብላህ ወጣች። ባቡራችን ፒተርቦሮ ከተማ ደረሰ። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፤

«ፊልም ላይ ሲያልቅ ወጥተው እጅ ይነሣሉ?»

«ፊልም ላይ የለም። የሰመጠ እንደሰመጠ ይቀራል።»

«እንግዲያው ይህን ጻፊለት። ስሙን ይያዝ፤ ከኛ ይልቅ አሳምሮ ይዞታል። ግን ፊልሙ እዚህ ሲታይ እሱ ራሱ መጥቶ፣ ሲያልቅ መጋረጃው ፊት ይቁም። በዚህ ከተማ ያ ስም ሰምጦ እንዲቀር አልፈቅድም። ደግሞ የሚሰምጥበትን ቀን አስቀድሞ ይንገረኝ።»

ሁለተኛው ጥያቄዋ ለምን እንደሆነ አታውቅም፤ ከቤታችን ውጭ የሚያውቅ የለም። በእኛ ከተማ ሰው ወደ ባሕር በሚሄድበት ቀን ልብስ እንደማይታጠብ ታውቃለህ፤ ያጠበ ሰው ሰውየውን አጥቦ ያስወስደዋል ይባላል። ካይስተር ሌዲ ማክሰኞ ትወጣለች ተብሎ ነበር። የማጠቢያ ቀን ሰኞ ነው፤ እናቴ እጇን እስከ ክርኗ ሳሙና ውስጥ ነክራ ሳለ አርኖልድ ሻንጣውን ይዞ ብቅ አለ። «ዛሬ ሆነ፣ እማዬ» ብሎ ሄደ። እናቴ ይህን ለማንም አልተናገረችም። እኔም አይቻት ስለነበር ነው የማውቀው። ያን ቀን ለምን አልገለበጥኩትም እላለሁ፣ የሳሙናውን ውኃ።

ከኩባንያው ጋር ስትነጋገር የመምጣትህን ነገር በቃል አትቀበል፤ በጽሑፍ ይሁን።

ሂልዳ


ለንደን፣ ጁላይ 18 ቀን 1957

ለእትዬ ሂልዳና ለተከበሩ አክስቴ፣

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ፤ በጸሎታችሁ ደህና ነኝ። የኩባንያው ሰውዬ ስለ ግሪምስቢ ስነግረው «የት ነው?» አለኝ። «የቁርስ ዓሣህ የመጣበት ነው» አልኩት። ውሉ ላይ ጻፈልኝ። ፖስተሩም በአርኖልድ ስሊት ስም ታትሟል።

የምሰምጥበት ቀን ጁላይ 9 ነው ብዬ ጽፌላችሁ ነበር። የሚቀረጽበት ትልቁ የውኃ ገንዳ ተሰነጠቀና ወደ 11 ተዛወረ፤ በዚያ ጥድፊያ ሳልጽፍላችሁ ቀረሁ። ይቅርታ አድርጉልኝ። መርከቧን ግማሽ ጎኗን ብቻ በእንጨት ሠርተው በማሽን ያዘነብሏታል፤ ውኃው ከላይ በበርሜል ይለቀቃል። ዘጠኝ ጊዜ ወረድኩ። ስምንተኛው ላይ ቦቲዬ ገመድ ውስጥ ገባ፤ ከታች ትንሽ ቆየሁ። ብርሃኑ ከላይ አረንጓዴ ሆኖ ይታየኝ ነበር። አርኖልድን አሰብኩት። ከዚያ ገመዱ ለቀቀኝና ወጣሁ። ዳይሬክተሩ «አንድ ጊዜ እንድገም» አለ።

አክስቴ 11 ቀን እንዳላጠቡ ተስፋ አደርጋለሁ።

ሬጅ


ግሪምስቢ፣ ጁላይ 22 ቀን 1957

ዛሬ ጠዋት የገባ፦ ዘጠኝ መርከብ። ኮድ አምስት መቶ ሃያ ሣጥን፣ ጥሩ ዓሣ።

ለሬጅ፣

ሰላም ለአንተ ይሁን። አጥባለች።

ከ8 እስከ 10 አንድ መሐረብ እንኳ አላስነካችም። 11 ቀን «አለፈ» ብላ የተጠራቀመውን ሁሉ፣ አንሶላ፣ መጋረጃ፣ የኔን የገበያ ሽርጥ ሳይቀር አጥባ ሰቀለች። ደብዳቤህን ሳነብላት ቀኑን ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ። ፊቷ አመድ መሰለ። ወደ ጓሮ ወጥታ ባዶውን የልብስ ገመድ ስታይ ቆየች። ተከተልኳት።

«ዘጠኝ ጊዜ ነው ያልሽው?»

«ዘጠኝ ጊዜ።»

«እኔ እያጠብኩ?»

«አንቺ እያጠብሽ።»

«ዘጠኙንም ወጣ?»

«ታዲያ ይህን ደብዳቤ የጻፈው ማን ይመስልሻል?»

ባልዲው ላይ ተቀመጠች። «እንግዲያው ሳሙናው አልነበረም» አለች። ሃያ ሁለት ዓመት አብሬያት ስኖር ትከሻዋ እንዲያ ሲወርድ አይቼ አላውቅም።

እዚያ ብሆን ገመዱን እኔ በቆረጥኩልህ ነበር። ለወደፊቱ ቦቲህን አንድ ቁጥር አስፍተህ ልበስ፤ ባሕር ላይ የሚወድቅ ሰው ቦቲውን አውልቆ ነው የሚተርፈው። መርከበኛ ሁሉ ያውቀዋል።

ሂልዳ


ለንደን፣ ጃንዋሪ 30 ቀን 1958

ለእትዬ ሂልዳ፣

ጤና ይስጥልኝ። ፊልሙ እዚህ ታይቷል፤ ሰዎች ደግ ነገር ጽፈዋል። እናንተ ዘንድ ፌብሩዋሪ 8 ይታያል፤ በዚያው ቀን በባቡር እመጣለሁ። ለንደን ላይ አልፈራሁም። እዚያ የሚቀመጡት ሴቶች ግን ነገሩን ያውቁታል። ቢጠሉኝስ?

ሬጅ


ግሪምስቢ፣ ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1958

ዛሬ ጠዋት የገባ፦ ሰባት መርከብ። ኮድ ሦስት መቶ ስልሳ ሣጥን፣ ሃዶክ መቶ አርባ። ስም፦ አሥራ አንድ።

ለተወደድከው ለሬጅ፣

በደህና ለንደን እንደገባህ ተስፋ አለኝ፤ መንገድህ ሁሉ የተቃና ይሁን። ቅዳሜ ማታ ከመድረኩ ሆነህ መብራቱ ዓይንህ ላይ ስለነበር ብዙ አላየህም፤ ስለዚህ ልንገርህ።

መርከቧ ስትዘነብል ያለቀሰ ሰው አልነበረም። እዚህ ሴቶቹ ለዚያ ነገር እንባቸውን ድሮ ጨርሰዋል። ካፒቴኑ ገመዱን በግራ በኩል ሲያስር ግን ከኋላ አንድ ሽማግሌ፣ «በዚያ በኩል ነው እንዴ የሚያስረው? ይስመጥ እንግዲህ!» ብሎ አሳቀን። ከዚያ አንተ ወደ ታች ወረድክ፤ ውኃው ተዘጋ፤ ፊልሙም አለቀ። ማንም አልተነሣም። መብራቱ በራ፣ አንተም ከጎን ወጥተህ በሸሚዝ ብቻ መጋረጃው ፊት ቆምክ።

እንዳላጨበጨቡ አይተሃል፤ ፈርተህ እንደነበርም አውቄያለሁ። ጥላቻ አልነበረም። አጠገቤ ያለችው ወይዘሮ ትራስለር ልጇን ባሕር ላይ ያጣችው በ1939 ነው። እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ «ደረቅ ነው፤ ፀጉሩ ደረቅ ነው» ትል ነበር። ከዚያ ሁሉም ተነሡ። ወንበሩ ሲታጠፍ የተሰማው ድምፅ ብቻ ነው። በሕይወቴ ብዙ ሰው ሲነሣ አይቻለሁ፤ እንዲህ ሲነሣ ግን አላየሁም። እኔም የፊተኛውን ወንበር ይዤ ቆምኩ።

«ሬጅ! ካፖርትህን የት ጣልከው? ውጭ እኮ በረዶ ነው!» ብላ የጮኸችው እናቴ እንደሆነች ሳትሰማ አልቀረህም። ያን ጊዜ ነው ጭብጨባው የመጣው።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ገበያው ሳይዘጋ ወይዘሮ ትራስለር ሱቄ ድረስ መጣች። ስለ ማኅበሩ ደንብና ስለ ብላክፑሉ ውሻ እናቴ ለከተማው ሁሉ ተርካለች።

«ሂልዳ፣ በዚያ ማኅበር ስም የቸገረው ሌላ ሰው ይኖራል?»

«ለምን ጠየቅሽ?»

«ዋልተር ትራስለር። ጥሩ ስም ነው፣ አፍ ላይ አይከብድም። ማንም እየተጠቀመበት አይደለም።»

በእርሳስ ጻፍኩት። ከሷ ኋላ ሌላዋ መጣች፤ ከዚያም ሌሎች። አንዷ፣ «የኔ ልጅ ዝምተኛ ነበር። ብዙ የማይናገር ሰው የሚሠራ ተዋናይ ካለ ይስጡት» አለችኝ። ወይዘሮ ዳውቲ የባሏን አመጣች። «ለሰካራም ሰው እንዳይሰጡት፤ አንድ ጊዜ በቂ ነው» አለች። ቤሪል ዓሣ መሰንጠቋን ትታ የወንድሟን ስም በጆሮዬ ነገረችኝ። ወንድም እንደነበራት እንኳ አላውቅም ነበር። ስምንት ዓመት አብራኝ ሠርታለች።

እኩለ ቀን ላይ አሥራ አንድ ሆኑ። ማኅበሩ ይስቅብን ይሆናል ብዬ አሰብኩ፤ ከዚያ ይሳቅ አልኩ። በንጹሕ ወረቀት በቀለም ገለበጥኳቸው። ሴቶቹ ተመካክረው አንድ ነገር ብቻ አስጨመሩኝ፤ ስሙን የወሰደ ሰው በዓመት አንድ ጊዜ ፖስትካርድ ስሙን ለሰጠችው ሴት ይጻፍ፣ የት እንዳለና ምን ሆኖ እንደሚጫወት።

ነገ ከገበያ በኋላ፦ ፖስታ ቤት። ዝርዝሩን በአደራ ደብዳቤ ለማኅበሩ መላክ፤ ደረሰኝ መቀበል።

ሂልዳ ስሊት